ሦስተኛው ዓመት ላይ ምን ይበላል? የጨጓራ ባይፓስ ተስፋና ልኩ

ከመጠን ያለፈ ውፍረትን በቀዶ ሕክምና መቀነስ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ ወሬ መሆኑ ቀርቷል። በዋሽንግተንና በአካባቢው ያሉ ወገኖች በጤና መድናቸው፣ በእስራኤል ያሉት በመንግሥት የጤና ዋስትና በኩል ያገኙታል። በገልፍ አገሮች፣ በተለይ በኩዌትና በሳዑዲ ዓረቢያ፣ የተለመደ ሕክምና ከሆነ ቆይቷል። ከአዲስ አበባም አቅሙ ያለው ሰው ወደ ቱርክ ወይም ወደ ሕንድ ሄዶ ተሠርቶ ይመለሳል። ወሬው ሲነሣ የሚሰሙት ሁለት ጥያቄዎች በየትም ቦታ አንድ ናቸው። ስንት ኪሎ ይቀንሳል? ከዚያስ በኋላ ምን ይበላል?

ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ጠያቂው በልቡ የያዘው ጊዜ ግን ያጥርበታል። የሚያስበው ስለ መጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት፣ ቢበዛ ስለ መጀመሪያው ዓመት ነው። ስድስቱን ሳምንት ሆስፒታሉ በወረቀት ጽፎ ይሰጣል። በመጀመሪያው ዓመት ደግሞ ኪሎ የማይቀንስ ሰው ጥቂት ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ሥራውን ይሠራል። ሰው ከሰው የሚለየው ረኀቡ ቀስ እያለ ሲመለስ፣ ሐኪም ቤት መመላለሱ ሲያሰለች፣ የቫይታሚኑ ብልቃጥ መሳቢያ ውስጥ ሲረሳ፣ ማለትም ከሁለተኛው ዓመት ወዲያ ነው። ከዚህ በታች ያለው ትንታኔ ያንን ጊዜ አስቀድሞ ለማየት የሚሞክር ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቢላዋው የሚለውጠው

የጨጓራ ባይፓስ የተጀመረው በአሜሪካ፣ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኤድዋርድ ሜሰንና ቺካሺ ኢቶ የተባሉ ቀዶ ሐኪሞች በ1966 ሲጀምሩት መነሻቸው አንድ ትዝብት ነበር፤ በቁስለት ምክንያት ጨጓራቸው በከፊል የተቆረጠ ሰዎች ከዳኑ በኋላም ሳይወፍሩ ይቀራሉ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ሕክምናው ሆድ ሳይከፈት፣ በትናንሽ ቀዳዳዎች ገብቶ በካሜራ እየታየ የሚከናወን ሆኗል። ከጨጓራው አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ትለያለች። ትንሹ አንጀት ከመነሻው ዝቅ ብሎ ይቆረጥና የታችኛው ጫፍ ወደ ላይ ተስቦ ከከረጢቷ ጋር ይሰፋል። ትልቁ ጨጓራ ከሆድ አይወጣም። ምግብ አያልፍበትም እንጂ አሲዱን ማመንጨቱን ይቀጥላል፤ እሱም፣ ከሐሞትና ከቆሽት የሚመጣው ፈሳሽም ከምግቡ ጋር የሚገናኙት አንድ ሜትር ገደማ ዝቅ ብለው ነው።

ይህን የሰማ ሰው ጉዳዩን ጆንያ ተጣጥፎ እንደተሰፋ ያህል ያስበዋል። ዕቃው ጠበበ፣ የሚገባው አነሰ፣ ሰውየው ቀጠነ። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ሰው እየተራበ ይኖር ነበር፤ አመጋገቡን ብቻ አጥብቆ የሚቀንስ ሰው እንደሚሆነው። ኪሎ በጾምና በዳይት ሲወርድ ረኀብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን ይጨምራል፣ ሰውነትም የሚያቃጥለውን ኃይል ይቆጥባል። ብዙ ሰው በዳይት የጣለውን ኪሎ መልሶ የሚያነሣው በዚህ ትግል ተሸንፎ ነው፤ ስንፍና ብሎ ማለፍ ጉዳዩን አለማወቅ ይሆናል። ከባይፓስ በኋላ ግን ምግቡ ፈጥኖ ወደ ታችኛው አንጀት ስለሚደርስ ጂኤልፒ 1 እና ፒዋይዋይ የተባሉት የጥጋብ ሆርሞኖች ከምግብ በኋላ ከወትሮው በብዙ እጥፍ ይለቀቃሉ። ዴቪድ ከሚንግስ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2002 ግሬሊንም ከባይፓስ በኋላ እጅግ ወርዶ እንዳገኙት አሳትመዋል፤ በዚህኛው ላይ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች አንድ ዓይነት መልስ ባይሰጡም የጥጋብ ሆርሞኖቹ መጨመር ግን ጸንቶ ቆይቷል። ምግብ ወደ ሰውነት ሳይገባ በመቅረቱ የሚቀነሰው ካሎሪ በተለመደው ባይፓስ አነስተኛ ድርሻ ነው ያለው። ዋናው ሥራ የምግብ ፍላጎት ከምንጩ መለወጡ ነው።

ለዚህ ሁሉ ጠንካራው ማስረጃ የስኳር በሽታ ነው። ዋልተር ፖሪስ የተባሉት አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም በ1995 ባሳተሙት ጽሑፍ ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸው አብዛኞቹ ታካሚዎቻቸው ከባይፓስ በኋላ የደም ስኳራቸው ወደ ጤናማ ልክ መመለሱን አሳዩ። የስኳሩ መሻሻል ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ነው፤ ኪሎው ገና በቅጡ ሳይወርድ።

ኪሎው በቁጥር

አንዲት 1 ሜትር ከ65 የምትረዝም፣ 120 ኪሎ የምትመዝን ሴት እናስብ። ክብደቷ ለቁመቷ ሲሰላ ቢኤምአይ የሚባለው መለኪያ 44 ይሆናል። ከባይፓስ በኋላ በአማካይ የሚጠበቀው ከጠቅላላው ክብደት 30 ከመቶ ገደማ መቀነስ ነው፤ ለእሷ 36 ኪሎ። 84 ኪሎ ላይ ትቆማለች ማለት ነው። በመለኪያው ሰንጠረዥ መሠረት ግን ቢኤምአይዋ 31 ገደማ ስለሚሆን አሁንም ከመጠን በላይ ከወፈሩት ጋር ትቆጠራለች። 60 ኪሎ እገባለሁ ብላ ለተሠራች ሴት ይህ ሽንፈት ይመስላታል። ለሐኪሟ ግን ስኬት ነው።

ግራ መጋባቱ ከአቆጣጠሩም ይመጣል። ቀዶ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ውጤትን የሚናገሩት ከጠቅላላው ክብደት ሳይሆን ከትርፉ ክብደት በመቶኛ ነው። ከላይ ያለችው ሴት ትርፍ ክብደቷ፣ ለቁመቷ ጤናማ ከሚባለው በላይ ያለው፣ ወደ 52 ኪሎ ነው፤ 36 ኪሎ ስትቀንስ ከትርፉ 69 ከመቶውን ጣለች ይባላል። ያው 36 ኪሎ በአንዱ አቆጣጠር 30፣ በሌላው 69 ሆነ። ማስታወቂያ የትኛውን ቁጥር እንደሚመርጥ መገመት አያቅትም። 70 ከመቶ የሚል ተስፋ የሚሰማ ሰው፣ መቶኛው የምን እንደሆነ ቢጠይቅ ግማሹን የብስጭት መንገድ ያሳጥራል።

ኪሎው የሚወርደው በእኩል ርምጃ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ከዚያ ብዙ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ሚዛኑ ለቀናት ቀጥ ብሎ ሲቀርባቸው ይደነግጣሉ። የመጀመሪያው ፈጣን ቅናሽ ከፊሉ ውኃ ስለሆነ ይህ መቆም የሚጠበቅ ነው። ዝቅተኛው ክብደት የሚደረሰው ከ12 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ በጥቂቱ መመለስ ደንቡ ነው። ከ1987 ጀምሮ ከ4,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለው የስዊድን ጥናት ባይፓስ የተሠሩት ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 32 ከመቶ ቀንሰው በ10ኛው ዓመት 25 ከመቶ ላይ እንደቆዩ አሳይቷል። በአሜሪካ ዩታ የተካሄደውና በ2017 የታተመው ጥናት ደግሞ በሁለተኛው ዓመት አማካይ ቅናሹ 45 ኪሎ፣ በ12ኛው ዓመት 35 ኪሎ መሆኑን አገኘ። 10 ኪሎ ተመልሷል፤ 35ቱ ግን ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላም አልተመለሰም። በአመጋገብ ብቻ ኪሎ ከሚቀንሱ ሰዎች ዘንድ እንዲህ ያለ ውጤት በብዛት አይታይም።

እነዚህ አማካዮች ናቸው። ከአማካዩ በታች የሚቀሩም፣ በብዙ የሚያልፉም አሉ፤ ማን የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ በርግጠኝነት የሚናገር ሐኪም ካለ ጥንቃቄ ያሻል።

ከሚዛኑ ይልቅ ክብደት ሊሰጠው የሚገባ ሌላ ውጤትም አለ። በዚያው የስዊድን ጥናት የተሠሩት ሰዎች የመሞት ዕድል ካልተሠሩት አቻዎቻቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ በ2020 በወጣው ስሌትም በአማካይ ሦስት ዓመት ገደማ የበለጠ ኖረዋል። ከጠቅላላው የስዊድን ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ ግን ዕድሜያቸው አሁንም ያጥራል። በዩታው ጥናት ስኳር ከነበረባቸው ታካሚዎች በሁለተኛው ዓመት 75 ከመቶው ከበሽታው ነፃ ሆነው ነበር፤ በ12ኛው ዓመት ቁጥሩ ወደ 51 ከመቶ ወርዷል። ስኳሩ የተመለሰበት ሰውም ቢሆን በመካከል ያገኘው የዓመታት ዕረፍት ለዓይኑና ለኩላሊቱ ትርፍ ነው። ስኳር ብዙ ዓመት የቆየበትና ኢንሱሊን የጀመረ ሰው የመፈወስ ዕድሉ ከጀማሪው ያንሳል፤ ስለዚህ እስኪብስ መጠበቅ የሚያዋጣ ስልት አይደለም።

በእኛ ማዕድ ላይ

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በአጭሩ እንለፋቸው፤ ደረጃዎቹ ከሆስፒታል ሆስፒታል በጥቂቱ ይለያያሉ። መጀመሪያ ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ እንደ ወተትና ሾርባ ያለ ወፍራም ፈሳሽ፣ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ የተፈጨ፣ ከአንድ ወር ወዲህ ለስላሳ ምግብ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ገደማ ወደ መደበኛው መመለስ። ዓላማው ስፌቱ ሳይወጠር እንዲድን ነው። ይህን ወረቀት የሚያፈርስ ሰው ብዙ አይደለም፤ ፍርሃቱም ይጠብቀዋል።

የዕድሜ ልኩ አመጋገብ የሚቆመው በፕሮቲን ላይ ነው። በቀን ቢያንስ ከ60 እስከ 80 ግራም ያስፈልጋል፤ ያ ካልገባ ሰውነት ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ያቀልጣል። ለመተግበር የሚያስቸግረው ሒሳቡ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም ያህል። 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት 30 ግራም ይደርሳል። በአንድ ጊዜ ጥቂት ማንኪያ ብቻ በሚገባበት ከረጢት 60 ግራም ለማግኘት ሰውየው ማዕዱን ከወትሮው ገልብጦ መብላት አለበት፤ ወጡን አስቀድሞ፣ እንጀራውን ለመጨረሻ። እንጀራ ክፉ ምግብ ሆኖ አይደለም፤ ጤፍም ፕሮቲን አለው። ግን ውኃ የያዘ ለስላሳ ምግብ ስለሆነ ከረጢቷን ፈጥኖ ይሞላል፣ ሥጋውና ምስሩም ለነገ ይቀራሉ። ወጥ የሚበላው በእንጀራ ነው ብሎ ላደገ ሰው ሽሮን በማንኪያ መብላት ቀላል ለውጥ አይደለም። ሽሮውም ቢሆን በውኃ የቀጠነ ከሆነ የፕሮቲኑ መጠን ከሚታሰበው በታች ነው።

ጉርሻም አለ። በከረጢቷና በአንጀቱ መካከል ያለው መውጫ ሰፊ አይደለም፤ በቅጡ ያልታኘከ ትልቅ ጉርሻ ወይም ጠንከር ያለ ጥብስ ደረት ላይ ቆሞ ያሳምማል፣ ያስመልሳል። «አፈር ስሆን» እየተባለ በሚበላበት ቤት ውስጥ ሁለት ማንኪያ በልቶ እጅን መሰብሰብ ከሆርሞን በላይ ጉልበት ይጠይቃል። በቤት ውስጥ ምግብ የሚሠራው ሰው ከሐኪሙ ጋር በሚደረገው ምክክር አብሮ ቢቀመጥ የሚገኘው ጥቅም ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ውኃና ምግብ አብረው አይሄዱም። ከምግብ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት ይመከራል፤ በቀን ግን አንድ ሊትር ተኩል ወይም ከዚያ በላይ መግባት አለበት። ትንሽ ትንሽ እየተጎነጩ እንጂ በአንድ ትንፋሽ አይሆንም።

ስኳር የራሱ ችግር አለው። ከረጢቷ እንደ ጤናማ ጨጓራ ምግብ ይዛ ስለማታቆይ ጣፋጭ ነገር በአንድ ጊዜ አንጀት ውስጥ ይፈስሳል። በ10 እና በ30 ደቂቃ መካከል የልብ ምት መፍጠን፣ ላብ፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ይመጣል፤ ሐኪሞች ዳምፒንግ ይሉታል። ሌላው ዓይነት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ የደም ስኳርን ከልክ በታች አውርዶ ሰውን ያዞራል፤ ይህኛው አንዳንድ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው ዓመታት በኋላ ነው የሚጀምረው። ዳምፒንግ የማይይዛቸው ሰዎችም አሉ። ፈሳሽ ካሎሪ ከረጢቷን ሳይሞላ ስለሚያልፍ ጥጋብ አያሳውቅም። ስኳር የበዛበት ቡና፣ የአቮካዶ ጭማቂ፣ ለስላሳ፣ በማር የተበጠበጠ በሶ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ሲጠጣ ከአንድ ማዕድ በላይ ይሆናል። ከረጢቷ ሰፍታ ነው የወፈርኩት የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ሲጣራ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው በየመካከሉ የሚቀመስና የሚጠጣ ነገር ነው።

የአልኮል መጠጥ ለብቻው ይነሣ። ከባይፓስ በኋላ አልኮል ወደ ደም የሚገባው በፍጥነት ነው፤ በፊት ሁለት ብርጭቆ ጠጅ የሚችል ሰው በግማሹ ይሰክራል። በ2012 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በአልኮል የመጠመድ ችግር በሁለተኛው ዓመት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከነበረው ከፍ ብሎ አግኝቶታል። እዚህም ሁለተኛው ዓመት ነው፤ ሰው ዳንኩ በሚልበት ጊዜ።

ጾም

ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ጥያቄው የማይቀር ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ 55 ቀን የሚዘልቀውን ዐቢይ ጾምና ሌሎቹን አጽዋማት ሲደምር የዓመቱ ግማሽ ገደማ ከእንስሳት ተዋጽኦ የራቀ ነው። ፕሮቲኑን ከምስር፣ ከሽምብራ፣ ከአተርና ከባቄላ ማግኘት በመርሕ ይቻላል፤ ሆኖም ከላይ በተሰላው መሠረት 60 ግራም ከምስር ብቻ ለማግኘት ከ600 ግራም በላይ የበሰለ ምስር ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህ መጠን ወደ ከረጢቷ አይገባም። ከዕፅዋት የሚዘጋጅ የፕሮቲን ዱቄት መፍትሔ ይሆናል፤ ከተገኘና ከተቻለ። እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ መቆየቱ ደግሞ በቀሪው ሰዓት አንድ ሊትር ተኩል መጎንጨት ስለሚጠይቅ ለአዲስ ታካሚ የሚከብድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን የምታይበት ሥርዓት ስላላት ጉዳዩ በሐኪምና በንስሐ አባት መካከል ሊያልቅ የሚችል ነው፤ ችግር የሚሆነው ሁለቱም ሳይነገራቸው ሰውየው ለብቻው ሲወስን ነው። ሙስሊም ታካሚዎች በረመዳን ተመሳሳይ ነገር ይገጥማቸዋል። ጾሙን ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ እንደ ሁኔታውም እስከ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ማዘግየት የሚመክሩ ሐኪሞች ያሉት ዋናው ሥጋታቸው የውኃ እጥረት ስለሆነ ነው።

በዝምታ የሚያልቀው

ምግብ የማያልፍበት የአንጀት ክፍል ብረትና ካልሲየም በብዛት የሚመጠጥበት ነው። ቫይታሚን ቢ 12 ደግሞ ለመመጠጥ ከጨጓራ የሚወጣ ረዳት ንጥረ ነገር ይፈልጋል፤ በአዲሱ መንገድ ምግቡና ረዳቱ በወቅቱ አይገናኙም። ስለዚህ መልቲቫይታሚን፣ ቢ 12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ እስከ ዕድሜ ልክ ይወሰዳሉ። ካልሲየም በቀን ከ1,200 እስከ 1,500 ሚሊ ግራም ይታዘዛል፤ ካርቦኔት የሚባለው ርካሹ ዓይነት አሲድ ስለሚፈልግ ሲትሬቱ ይመረጣል። ካልሲየምና ብረት በአንድ ሰዓት ከተዋጡ አንዱ ሌላውን ያግዳል፤ ቡናና ሻይም ብረትን ያግዳሉ። ከምግብ በኋላ ወዲያው ቡና ለሚፈላበት ቤት ይህ ትንሽ ዝርዝር አይደለም። የወር አበባ የምታይ ሴት የብረት ፍላጎቷ ከሌላው ይበልጣል፤ የተሠሩት ሰዎች አብዛኞቹ ደግሞ ሴቶች ናቸው።

አደጋው በሰዓቱ ነው። ጉበት ያከማቸው ቢ 12 ለዓመታት ሊበቃ ስለሚችል ክኒኑን ያቋረጠ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ምንም አይሰማውም። እጅና እግር መደንዘዝ፣ ድካም፣ የደም ማነስ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ሲመጣ ከቀዶ ሕክምናው ጋር የሚያያይዘው ሰው ላይኖር ይችላል። በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር መካከል ፀጉር መርገፉ ግን በአብዛኛው ከፈጣኑ ቅናሽ የሚመጣና የሚመለስ ነው፤ የሚያሳዝነው ሰው ለፀጉሩ ተጨንቆ ለቢ 12ቱ አለመጨነቁ ነው።

ቲያሚን የተባለው ቢ 1 ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ የሰውነት ክምችቱ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚበቃ ነው። ደጋግሞ የሚያስመልሰው ታካሚ በሳምንታት ውስጥ ቲያሚን ሊያልቅበትና አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል፤ ዓይን መንቀጥቀጥ፣ ሚዛን ማጣት፣ መቃዠት ምልክቶቹ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ድንገተኛ ክፍል ገብቶ ቲያሚን ሳይሰጠው ግሉኮስ ብቻ ከተንጠለጠለለት ሊብስበት ይችላል። ባይፓስ መሠራቱን በወረቀት ይዞ መዞር የሚመከረው ለዚህ ነው።

ዋጋው

ልምድ ባለው ቡድን እጅ ባይፓስ ከሚፈራው በታች አደገኛ ነው። በ2009 በታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት በካሜራ በተሠራ ባይፓስ በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት 0.2 ከመቶ ነበሩ። ቀሪው ዋጋ በኋላ የሚከፈል ነው። ከስፌት መፍሰስ ብዙ ጊዜ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ባሕር ማዶ ተሠርቶ በአምስተኛው ቀን አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ያንን ጊዜ ከቀዶ ሐኪሙ ርቆ ያሳልፋል። ከዓመታት በኋላ አንጀት ቀዶ ሕክምናው በተወው ክፍተት ገብቶ ሊታነቅ ይችላል፤ ድንገተኛ የሆድ ቁርጠት በባይፓስ ታካሚ ላይ ችላ የማይባለው ስለዚህ ነው። ፈጣን ቅናሽ የሐሞት ጠጠር ያመጣል። እርግዝና ከ12 እስከ 18 ወር ቢዘገይ ይመረጣል፤ ኪሎ ሲወርድ መፀነስ ስለሚቀል ሳይታሰብ የሚመጣ እርግዝና ብርቅ አይደለም።

ለአገራችን ሰው ሁለት ነገሮች ተለይተው ይነሡ። አንደኛው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ናቸው፤ ራስና ወገብ ላመመው ሰው ከመድኃኒት ቤት በቀላሉ የሚገዙት እነዚህ ክኒኖች በስፌቱ መገናኛ ላይ ቁስለት ያመጣሉ፣ ሲጋራም እንዲሁ። ሁለተኛው እኛ የጨጓራ ባክቴሪያ የምንለው ነው። በኢትዮጵያ እጅግ የተስፋፋ ሲሆን ከባይፓስ በኋላ የተለየው ትልቁ ጨጓራ በተለመደው ኢንዶስኮፒ ስለማይደረስበት ምርመራውና ሕክምናው አስቀድሞ ማለቅ አለበት።

በዓለም ዛሬ ከባይፓስ ይበልጥ የሚሠራው ስሊቭ ነው፤ የጨጓራውን አብዛኛውን ክፍል አውጥቶ ቀጭን ቱቦ ብቻ የሚያስቀር፣ አንጀት የማይነካ። በፊንላንድና በስዊዘርላንድ ታካሚዎችን በዕጣ መድበው ያነጻጸሩ ሁለት ጥናቶች በ2018 ታትመው በአምስት ዓመት የኪሎ ልዩነቱ ለባይፓስ ትንሽ ያደላ፣ ግን ሰፊ ያልሆነ ነው አሉ። ስሊቭ ቃርን ሊያባብስ ይችላል፤ የቫይታሚን ጣጣው ግን ይቀላል።

መርፌው ሲመጣ

ቀዶ ሕክምናው የሚጠቀምበትን ያንኑ የጂኤልፒ 1 መንገድ በመርፌ የሚኮርጁ መድኃኒቶች ሒሳቡን ለውጠውታል። ሴማግሉታይድ በ2021 በታተመው ጥናት በ68 ሳምንት 15 ከመቶ ገደማ፣ ቲርዜፓታይድ በ2022 በከፍተኛው መጠን በ72 ሳምንት 21 ከመቶ ገደማ ክብደት ቀንሰዋል። ባይፓስ አሁንም ይበልጣል፤ ርቀቱ ግን ጠብቧል። መርፌውን ሲያቆሙ ኪሎው ይመለሳል፤ ሴማግሉታይድ ያቋረጡ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከጣሉት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው አንሥተዋል። ስለዚህ ምርጫው አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ዕድሜ ልክ ክትትል በሚሻ ቀዶ ሕክምናና በየሳምንቱ እየተከፈለ ዕድሜ ልክ በሚወሰድ መድኃኒት መካከል ሆኗል። ሕንድን ጨምሮ በአንዳንድ አገሮች የሴማግሉታይድ የፓተንት ጊዜ ማብቂያ 2026 ስለሆነ ዋጋው የሚወርድበት ዕድል ሰፊ ነው፤ ያን ጊዜ ቢኤምአይያቸው ከ35 በታች የሆኑት አብዛኞቹ ወደ መርፌው፣ ከ40 በላይ ያሉትና ስኳር የጸናባቸው ወደ ቢላዋው፣ በቢላዋው ኪሎ የተመለሰባቸው ደግሞ ወደ ሁለቱም የሚሄዱ ይመስለኛል።

የመቁረጫው መስመር ራሱ ተነቃንቋል። ከ1991 ጀምሮ ይሠራበት የነበረው የአሜሪካ መመሪያ 40፣ ተጓዳኝ በሽታ ላለበት 35 ቢኤምአይ ይጠይቅ ነበር። የ2022ቱ ዓለም አቀፍ መመሪያ ወደ 35 አውርዶ እንደ ስኳር ያለ በሽታ ላለበት ከ30 ጀምሮ እንዲታሰብ ፈቅዷል፤ ለእስያ ተወላጆች 27.5። ለኢትዮጵያውያን የተለየ ቁጥር አላስቀመጠም። በእስራኤል የተደረጉ ጥናቶች ግን ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች አመጋገባቸውና ኑሯቸው ሲለወጥ ስኳር በፍጥነት እንደሚበዛባቸው፣ ይህም ከሌላው ይልቅ በቀጭን ሰውነት ላይ እንደሚታይ አሳይተዋል። ቢኤምአይው 31 የሆነ ስኳር ያለበት ኢትዮጵያዊ ገና አልደረስክም ተብሎ ሊመለስ የሚገባው አይመስልም።

ለዚያች 120 ኪሎ ሴት፣ በተለይ ስኳር ከጀመራት፣ ባይፓስ ዛሬም ካለው ሁሉ የጸና ውጤት የሚሰጥ ነው፤ በየዓመቱ ደሟ የሚመረመርበት፣ የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲንና ቢ 12 የሚለካላት፣ ሲትሬቱ የሚገኝበት ቦታ የምትኖር ከሆነ። ያ ከሌለ፣ ተሠርታ ተመልሳ የሚከታተላት ሐኪም የማታገኝ ከሆነ፣ ብዙ ኪሎ የሚጥለው ባይፓስ ከስሊቩ ወይም ከመርፌው የተሻለ ምርጫ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ወደ ኢስታንቡል የሚያደርሰው ትኬት ከመቆረጡ በፊት አዲስ አበባ ላይ የሚከታተለው ሐኪም ተገኝቶ እሺ ማለት አለበት።